አንድ የተፈጠረ የሥራ ዕድል

በ2091 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በደሴ ከተማ ብዙ ጊዜ እግሩን የተለካው ሰው ማን እንደሆነ መዝገባችን ሲያወጣ፣ ሁለት ጤነኛ እግር ያላት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ተገኘች። ስሟ ረድኤት ሰለሞን ይባላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ስድሳ አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቤት ገብታለች። ጠዋት ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች። በር ላይ ያለው ቆጣሪ የገባውን ሰው ሁሉ «ደንበኛ» ብሎ ከመመዝገብ ሌላ አያውቅምና፣ ልጅቷ በእኛ ወረቀት የከተማው ቀንደኛ የእግር ደንበኛ ነበረች።

እኔ ኑረዲን እባላለሁ። ያን ጊዜ በክፍለ ከተማው የወጣቶች ሥራ ፈጠራ ጽሕፈት ቤት አማካሪ ነበርኩ። ነበርኩ ስል ዛሬም ነኝ። አማካሪ ማለት ወጣት ሐሳብ ሲያጣ ሐሳብ የሚያዋጣ ሰው ነው። አማካሪው ሐሳብ ሲያጣ ማን እንደሚያዋጣለት አዋጁ አይናገርም።

አዋጁን ልጆች ከፊደል ጋር ነው የሚማሩት። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ መታወቂያውን ሲወስድ የድርጅት ምዝገባውንም አብሮ ይወስዳል። ሠላሳ አምስት እስኪሞላው ሥራ ይፈጥራል እንጂ ሥራ አይጠይቅም። በሦስተኛው ማሻሻያ ደግሞ ከሠላሳ አምስት በላይ የሆነ ሰው ወጣት እንዳይቀጥር ተከለከለ፤ የአገርን ጉልበት ማባከን ነው ተባለ። ወጣትን «ሥራ አጥ» ብሎ መጥራት ያስቀጣል፤ «ሊፈጥር ያለ» ነው የሚባለው። ሽማግሌዎች ለሚዜነት የመጣን ጎረምሳ እንኳ «የማን ልጅ ነህ?» ማለት ትተው «ምን ፈጠርክ?» ነው የሚሉት።

ቢሯችን ሥር ሻይ ቤት አለ። ውኃ የምታፈላው አንዲት ድርጅት ናት፣ ስኳር የሚጨምረው ሌላ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ የሚያደርሰው ሌላ። ሦስቱም በየቀኑ ሐሳባቸውን ለደንበኛ ማስረዳት ግዴታቸው ስለሆነ ሻዩ የሚጠጣው ቀዝቅዞ ነው። የቢሯችንን በር የሚጠብቁት ሦስት ልጆችም ሦስት ድርጅቶች ናቸው፦ አንዱ ቀኝ ኪስ ይፈትሻል፣ አንዱ ግራ ኪስ ይፈትሻል፣ ሦስተኛው «እናመሰግናለን» ይላል። ሦስተኛው ባለፈው ዓመት ተሸልሟል።

ረድኤትን ቢሮ ጠራኋት። ቀጠን ያለች፣ ጥፍሮቿ ሥር ነጭ ብናኝ የማይጠፋ ልጅ ናት። ገና ሳትቀመጥ ጫማዬን አየች።

«የግራ ተረከዝህን ትጎትታለህ፤ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ቅድም ደረጃውን ስትወጣ ሰማሁህ።»

አላውቅም ነበር። ፋይሏን ከፈትኩ። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ጃንጥላ የመያዝ አገልግሎት ከፍታ፣ በአንድ መንገድ ላይ አርባ አንድ ጃንጥላ ያዦች ስለነበሩ ከሰረች። ከዚያ የልደት ቀን የማስታወስ አገልግሎት ከፈተች፤ እሱም ቀረ። ሦስተኛ ሐሳቧን ይዛ የምትመጣበት የመጨረሻው ቀን ሃያ ሦስት ዓመት የሚሞላት ሚያዝያ 12 ነበር። ያ ቀን ካለፈ ወደ ኮምቦልቻው የመነቃቃት ማዕከል ትላካለች። የገባ ሰው ሐሳብ እስኪመጣለት ድረስ እዚያው ይነቃቃል።

«ታዲያ ሐሳብሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሐሳብ የለኝም። ሥራ ነው ያለኝ።»

«ምን ሥራ?»

«ጋሽ ይማም ዘንድ እግር እሠራለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«ረድኤት፣ ቀስ በይ።»

«ለምን ቀስ እላለሁ? መቀጠር ነው የምፈልገው፤ እሳቸው ጋ መቀጠር።»

ዙሪያችን ባሉ ጠረጴዛዎች ያሉት ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። ልጇን ለምዝገባ ይዛ የመጣች እናት የልጇን ጆሮ ልትደፍን ምንም አልቀራት። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። መስኮቱ ምን እንዳደረገኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ለመማር ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«እሳቸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተው ገና እየሰማሁ ነው ይላሉ።»

በአዋጁ ለማንኛውም ሙያ የተፈቀደው የሥልጠና ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ነው። ይህን አልነገርኳትም። «እስቲ ቤቱን አሳዪኝ» አልኳት።

የጋሽ ይማም ቤት ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ውስጡ ግድግዳ ሙሉ እግር ተሰቅሏል። መሐሉን ከበር እስከ ጓዳ ድረስ የጥድ ጣውላ የተነጠፈበት አሥራ ሁለት እርምጃ የሚሆን መተላለፊያ አለ። እግሩን ማሽን ነው የሚያወጣው፤ እንዲህ ያለ ማሽን በየሰፈሩ አለ። ጋሽ ይማም የሚሠራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

የገባን ዕለት እትዬ ከድጃ እየተለኩ ነበር። እትዬ ከድጃ የሠርግ ወጥ ሠሪ ናቸው፤ ለአራት መቶ ሰው የሚበቃ ድስት ፊት ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ቀኝ እግራቸውን ስኳር በሽታ ከጉልበታቸው በታች ወስዶታል። እሳቸው በጣውላው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ ጋሽ ይማም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጎበጥ ብሏል፤ እጁ ግን የሃያ ዓመት ልጅ እጅ ነው። ረድኤት ቦርሳዋን አስቀምጣ ምንም ሳትናገር ሄዳ አጠገቡ ቆመች። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ነው እንዴ የምታክሙኝ?» አሉ እትዬ ከድጃ። «ፊቴ ይህን ያህል ያስጠላል?»

«ፊትዎን ካየሁማ እግሩን እረሳዋለሁ» አላቸው ጋሽ ይማም።

«ወግድ! ሽበትህን አታፍርም?» ብለው ሳቁ፤ እየሳቁ ግን መሄዳቸውን አላቆሙም።

«ምን ሰማሽ?» አላት ረድኤትን።

«ግራው ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል። ቀኙ ቶሎ ይነሣል። ቸኩለዋል።»

«ቸኩለው ነው ወይስ ፈርተው?»

ረድኤት ጆሮዋን ወደ ጣውላው አዘነበለች። እትዬ ከድጃ ደርሰው ተመለሱ። ጣውላው ጧ፣ ጠ፤ ጧ፣ ጠ ይላል። ለእኔ የአንድ ሰው እርምጃ ነበር፤ ሌላ ምንም አልሰማሁበትም።

«ፈርተው ነው» አለች በመጨረሻ። «እግሩን አላመኑትም። ተረከዙ ከፍ ብሏል፤ የካርቶን ውፍረት ያህል።»

ጋሽ ይማም ሞረዱን ሰጣት። ተረከዙን አሥር ጊዜ ያህል ሞረደችው፣ ብናኙን እፍ አለችው፣ መልሳ አጠለቀችላቸው። እትዬ ከድጃ እንደገና ሄዱ። በዚህ ጊዜ ምንም አልቀለዱም። እጓዳው በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ያረቢ፣ የራሴ ሆነ» አሉ። ረድኤት ፊቷን እንዳዞረች ነበር፤ ከኋላ ጆሮዋ ሲቀላ አየሁት።

በጣም ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲሠራ ማየቴ ነበር።

«ለምን ዞራችሁ ነው የምትሰሙት?» ብዬ ጋሽ ይማምን ጠየቅኩት።

«ሰው ሲያዩት ማንከሱን ይደብቃል፤ ያፍራላ! አንተም ብትሆን ትደብቃለህ። ካላየሁት ግን እንደ ልቡ ይሄዳል» አለኝ።

ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ነው። አማካሪ ነኝ ብያለሁ። አንድ አማካሪ በሩብ ዓመት አርባ አዲስ ሐሳብ ማስመዝገብ አለበት። እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ነበርኩ፤ የቀረኝ አራት ቀን ነው። የጎደለበት አማካሪ ራሱ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል።

«ረድኤት ሥራውን በስሟ ታስመዝግበው» አልኩ። «ያኔ እዚህ እንደ ደንበኛ ተደብቃ አትገባም። ባለ ድርጅት ትሆናለች። አብራችሁ ትሠራላችሁ።»

«አዲስ ሐሳብ አይደለም እኮ» አለች ረድኤት። «የእሳቸው ነው።»

ጣቴን የመዝገቡ ሰሌዳ ላይ አድርጌ ፈለግኩ። የሐሳብ መዝገባችን የሚይዘው የወጣት ድርጅቶችን ብቻ ነው። ጋሽ ይማም ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራው ሥራ የለም። ስለዚህ አዲስ ነበር።

ጋሽ ይማም ደስታው ከእኔ በለጠ። «በስሜ ቢሆን በስሟ ቢሆን ምን ለውጥ አለው? እግሩ ይሠራ እንጂ» አለ። ቅጹን የሞላነው በእሱ ቃል ነው፤ እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ፦ በእርምጃ ድምፅ የሚለካ ሰው ሠራሽ እግር። ምስክር የሚለው ቦታ ላይ ራሱ ፈረመ። ረድኤት ብዕሩን ይዛ ስታመነታ «አብሽሪ፣ ፈርሚ» አላት። «ከእንግዲህ በዚህ በር ቀና ብለሽ ነው የምትገቢው።» ጓዳ ገብቶ ቴምር አመጣልን፤ ቆመን በላን።

አሁን ስድስተኛውን ማሻሻያ ልናገር። አንድ ወጣት አንድ ዘርፍ ሲያስመዘግብ፣ በዚያ ከተማ ያ ዘርፍ ለአምስት ዓመት ለወጣት ብቻ ይጠበቃል። በዘርፉ ያሉ ነባሮች በሠላሳ ቀን ውስጥ ቦታ ይለቃሉ፤ መሣሪያቸውም ለወጣቱ ይተላለፋል። ይህን አንቀጽ አውቀዋለሁ። ለሌሎች አማካሪዎች ሥልጠና የሰጠሁበት አንቀጽ ነው። ያን ዕለት ቴምሩን እየበላሁ ትዝ ብሎኛል። የእግር ሥራ ትንሽ ዘርፍ ነው፣ ማን ያስታውሰዋል፣ አልኩና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ማስታወስ የሰው ሥራ መሆኑ ከቀረ ግን ቆይቷል። ደብዳቤው በሦስተኛው ቀን ለጋሽ ይማም ደረሰው።

ረድኤት ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። አልተቀመጠችም።

«አንቀጹን ታውቀው ነበር?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። «አዎ» አልኳት።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ሰርዘው» አለች።

«ድርጅቱን መሰረዝ ይቻላል። ዘርፉ ግን አንዴ ከተጠበቀ ተጠበቀ ነው። አንቺ ብትወጪም እሳቸው መመለስ አይችሉም። እግር የሚሠራ ጭራሽ ይጠፋል።»

«ወረቀት ነው እኮ! ቅደደው!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኛ ቢሮ ውስጥ ሁለቱም ነበርን።

በሠላሳኛው ቀን ለማሸግ የመጣው የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። የማሸግ አገልግሎት ድርጅት አለው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ገብቶ ሁላችንንም ጨበጠ። ጋሽ ይማም «አንዲት ተረከዝ ቀርታኛለች፤ ጨርሼ ልነሣ» አለው። ልጁ ሰዓቱን አይቶ ፈቀደ። ጨርሶ እጁን ታጠበ፣ ሞረዱን በጨርቅ ጠረገውና በሁለት እጁ ለረድኤት ሰጣት፤ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ። እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች። ልታለቅስ ስትል «ኧረ በአላህ፣ የሞትኩ እንዳይመስላቸው» አላት።

ለረድኤት የተሰጣት ሼድ ሆጤ አካባቢ ነው። አዲስ፣ ንጹሕ፣ ብርሃን የሞላው ሼድ ነው። ዕቃው በተራገፈ ማግስት እትዬ ከድጃ ተረከዛቸው ደግሞ ከፍ እንዳለባቸው ሊነግሯት መጡ። ረድኤት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እትዬ ከድጃ ሄዱ፣ ተመለሱ። ሼዱ ወለሉ አረንጓዴ ጎማ ነው። ለደንበኛ ምቾት ተብሎ ድምፅ እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ነው።

«እትዬ ከድጃ፣ እየሄዱ ነው?» አለች።

«ሁለቴ ተመለስኩ እኮ፣ የኔ ዓለም።»

ጎማውን ለማንሣት አመለከተች፤ የሼዱ ሞዴል አንድ ዓይነት ስለሆነ አይነካም ተባለ። ከአሮጌው ቤት ጣውላ እንድታመጣ ጠየቀች፤ ቤቱ የታሸገ ነው ተባለ። በዓይኗ እያየች መሥራት ጀመረች። የእትዬ ከድጃን ተረከዝ በዓይኗ አይታ ሞረደችው። በሳምንቱ እትዬ ከድጃ ሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ድስቱን ሌላ ሰው ጨረሰው።

በነጋታው ረድኤት ቢሮዬ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ጆሮዬ ጠፋ» አለች። «ሰው መቅጠር እችላለሁ አይደል?»

«ትችያለሽ። እንዲያውም በሦስት ወር ውስጥ አንድ የሥራ ዕድል መፍጠር ግዴታሽ ነው።»

«ጋሽ ይማምን ልቀጥር።»

ከስድሳ ዓመት በላይ ላሉ የተፈቀዱ የሥራ መደቦች ሦስት ናቸው፦ ጥበቃ፣ ጽዳትና አቀባበል። ጥበቃውንና አቀባበሉን ወጣቶች ይዘውታል። ጽዳት ብለን ሞላን። ቅጹ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከመቀጠሩ በፊት የነበረበት ሁኔታ» ይላል። ሥራው እንደ ተፈጠረ የሚቆጠረው መልሱ «ሥራ አጥ» የሆነ እንደሆነ ብቻ ነው። ሌላ ቢጻፍ ቅጹ አይዘጋም።

ይህን ለጋሽ ይማም የነገርኩት እኔ ነኝ። እቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ምን ስሠራ ነበር ልትል ነው?» አለኝ።

ቅጹን አውጥቼ አሳየሁት። ጎረቤት ያለች ሴት ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እሷ አሰጥታ እስክትገባ ጠበቀ።

«ጻፍ» አለ። «ልጅቷ ትለፍ። ብቻዋን ሆና ሰው እየጣለች ነው።»

በዚህ ዓይነት ጋሽ ይማም በራሱ ሞረድ በሚሠራበት ሼድ ውስጥ ወለል ጠራጊ ሆነ። ደረቱ ላይ «የተፈጠረ ሥራ» የሚል አረንጓዴ ሰደርያ ለበሰ። ሞረዱን የነካ እንደሆነ ቆጣሪው ከምድብ ውጭ መሥራቱን ይጮኻል። አፉን ግን ማንም አልከለከለውምና አጠገቧ ቆሞ ሊነግራት ይችል ነበር። የሚነግራት አልነበረውም። እሱም እንደ እሷ የሚሰማው ጎማ ነው። አንድ ቀን ሳልፍ በመስታወቱ አየኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አጠገብ ለአጠገብ ቆመዋል፤ ከኋላቸው አንድ ሰውዬ ያለ ድምፅ ይሄዳል።

በሰኔ ወር የዓመቱ ሞዴል ድርጅቶች ሲመረጡ የረድኤት አንዱ ሆነ። አዲስ ሐሳብ፣ ሴት መሥራች፣ በዕድሜ ለገፋ ሥራ አጥ የተፈጠረ የሥራ ዕድል፤ ሁሉም ሳጥን ምልክት ነበረው። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ወይዘሪት ሶስና፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጠርታ «ንግግሩን አንተ ጻፍላት» አለችኝ። ጻፍኩላት። ጥሩ ንግግር ነበር።

በዓሉ የተደረገው በከተማው አሮጌ አዳራሽ ነው። ከቀትር በፊት ሦስት ሰዓት ላይ ሞላ። ባለሥልጣናቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋሽ ይማም ሰደርያውን ለብሶ አራተኛው ረድፍ ጠርዝ ላይ ነበር። ረድኤት መድረኩ ላይ ቆማ የጻፍኩላትን ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ አንድ ዓይነት ነው፤ ከፍም ዝቅም አይልም። ወረቀቱ መሐል ላይ ሲደርስ እንደ ፕሮግራሙ እትዬ ከድጃ አበባ ይዘው ከመጋረጃው ኋላ ወጡ። እጃቸው ላይ ገና ፋሻ አለ። የአዳራሹ መድረክ የድሮ ነው። የጣውላ ነው።

ረድኤት ንባቧን አቆመች።

ወደ አራተኛው ረድፍ አየሁ። ጋሽ ይማም ተነሥቷል። ቀስ ብሎ ዞረና ለመድረኩም ለባለሥልጣናቱም ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ያየዋል፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ማጉረምረም ተጀመረ። የጽዳት ሠራተኛ ለመንግሥት ጀርባውን ሰጠ ማለት ነው። የቢሯችን በር ጠባቂዎች ሦስቱም መጡ። አንዱ ቀኝ ክንዱን፣ አንዱ ግራ ክንዱን ያዘ፤ ሦስተኛው «እናመሰግናለን» አለው።

ረድኤት ይህን አየች። ወረቀቱን አጠፈችና ማይክሮፎኑ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ እሷም ለአዳራሹ ጀርባዋን ሰጠች።

«እትዬ ከድጃ» አለች፤ ማይክሮፎኑ ድምፅዋን አልሳተውም። «እስቲ እንደገና ይሂዱ።»

እትዬ ከድጃ ገባቸው። አበባውን ወለሉ ላይ አስቀመጡና መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ሄዱት፤ ተመለሱ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ስድስት መቶ ሰው ያያቸዋል። ግራው ይረግጣል፤ ቀኙ ይወድቃል። ይረግጣል፤ ይወድቃል። እኔ ሰማሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው እግር ሰማሁ።

«ጋሼ!» አለች ረድኤት ሳትዞር። «ምን ሰሙ?»

ጋሽ ይማም በሁለት ድርጅት ተይዞ በሩ ጋ ደርሷል። «አንቺ ምን ሰማሽ?» ብሎ ከዚያ ሆኖ ጮኸ።

«አጥሯል። እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። አብዝቼ ሞረድኩት።»

«ስንት?»

«ሁለት ካርቶን።»

«ሁለት ነው!» አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ያየነው እኔና ጠባቂዎቹ ነን። ከዚያ አወጡት።

ረድኤት ዞረች። «እኔ ሥራ አልፈጠርኩም» አለች ለአዳራሹ። «ሥራ ነበረኝ። ቀጣሪዬ እሳቸው ናቸው።» ይህን ያለችው በአዳራሹ ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ ለከተማው የሚተላለፈው ድምፅ ከዚያ በፊት ተቋርጧል።

ሐምሌ ሲገባ ኮምቦልቻ ወሰዷት። የመነቃቃት ጊዜዋ ስድስት ወር ነው፤ ሐሳብ ካልመጣላት ይታደሳል። አንዴ ታድሷል። ልጠይቃት ሄጄ ነበር፤ ጎብኚ ሐሳብ ይዞ ካልመጣ አይገባም አሉኝና ተመለስኩ። ድርጅቷ አልተሰረዘም፤ ታግዷል ነው የሚባለው። ስለዚህ ጋሽ ይማም ዛሬም የተቀጠረ ሰው ነው። ካልተገኘ የሕክምና ካርዱ ይዘጋበታል። በየቀኑ ጠዋት ሰደርያውን ለብሶ ሆጤ ይወርዳል፣ ማንም ያልረገጠውን ጎማ ይጠርጋል፣ ለቆጣሪው ጣቱን ሰጥቶ ይወጣል። ዘርፉ እስከ 2096 ዓ.ም. የተጠበቀ ነው። እስከዚያ ድረስ በደሴ ከተማ እግር መሥራት የሚችሉት ሁለት ሰዎች እግር አይሠሩም።

የሩብ ዓመት ሪፖርቴ ሙሉ ሆነ። አርባ ሐሳብ፤ አንድ የተፈጠረ የሥራ ዕድል። የጠፋ ሥራ የሚጻፍበት ዓምድ ፈልጌ ነበር፤ ቅጹ ላይ የለም። የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኝ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ እትዬ ከድጃ ቢሮዬ ይመጣሉ። እግራቸውን ማን እንደሚያስተካክልላቸው ሊጠይቁ ነው። ደረጃችን የእንጨት ነው። ድሮ ማን እንደሚወጣ ማን እንደሚወርድ ሰምቼ አላውቅም፤ አሁን ገና ከታች ሲጀምሩ እሰማቸዋለሁ። ግራው ይረግጣል፤ ቀኙ ይወድቃል። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ ወንበሬን አዞርና ፊቴን ለግድግዳው እሰጣለሁ።

እትዬ ከድጃ በሩን ከፍተው ሲገቡ እንደዚያ ሆኜ ያገኙኛል። «አየህ፣ አንተም ለመድክ» ይሉኛል ደስ ብሏቸው። ልሰማቸው የዞርኩ ይመስላቸዋል።